የረቡዕ ማስታወቂያና የቅዳሜ ሰው

ባለፈው ሳምንት ከቅዳሴ ስመለስ በሰበካ ጉባኤው ግንብ ላይ አንድ ጎልማሳ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አገኘሁ። ዛሬ ሁሉም የሚለጥፈው በፕላስተር ነው። ይኼኛው ግን ነፋሱ ፕላስተሩን እየገነጠለ አስቸግሮት ነው መሰለኝ፣ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጦ በጣሳ ይዞ፣ በመዳፉ እየዛቀ ግድግዳውን ይቀባል። ሽታው ሳላስበው አፍንጫዬ ገባ። የዱቄት ሙጫ ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላን ነው። ቆም ብዬ ወረቀቱን አነበብኩት፤ የሚከራይ ሱቅ አለ ይላል። ሰውዬው ዞር ብሎ ሊከራዩት ነው ወይ እማማ አለኝ። የለም፣ ማንበብ ልማድ ሆኖብኝ ነው ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ።

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ማስታወቂያ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ እዚሁ ላሊበላ ሥራ ፈላጊ መመዝገብ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በክረምት ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው ተመዝጋቢው ስሙን እየጮኸ ይነግረኛል፣ እኔም የአባቱን ስም እየጮህኩ እጠይቀዋለሁ፤ በረንዳው ላይ የቆመው ሁሉ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሰምቶ ይሄዳል። መዝገቡ ሰፊ ስለሆነ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በሁለት እጅ ነበር የሚገለጠው። አንዱ መንግሥት ሄዶ ሌላው ከገባ ገና ብዙ አልቆየም ነበርና የመጀመሪያዎቹን ገጾች የሞሉት ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ካኪ ኮታቸውን ማዕረጉን ፈትተው ይለብሱታል፤ ማዕረጉ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ጨርቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። ከእነሱ ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱት መጡ። የእነሱ መምጣት ግን እኔ ጡረታ እስክወጣም አላቆመም።

ከተማው ያን ጊዜ ትንሽ ነበር። ከወልድያ የሚነሣው አውቶቡስ በጋሸና በኩል ዞሮ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ይገባል። አውቶቡሱ ከሚቆምበት ሜዳ ጥግ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የወሎን ዜማ ይለቀዋል፣ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ እየደከመ ድምፁ ይጎተታል፤ እኛም ለምደነው ዘፈኑ እንደዚያ ነው የሚመስለን። ሻይ ስሙኒ፣ ዳቦ ስሙኒ ነው። በሃምሳ ሳንቲም አንድ ሰው በር ላይ ተቀምጦ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሲያይ ይውላል። ወጣቱ የሚለብሰው ሰልባጅ ነው፤ የባላገሩ ልጅ ደግሞ ኮንጎ ጫማውን በውሃ አብሶ ነው ከተማ የሚገባው። በገና ሰሞን ከተማው በነጭ ልብስ ይሞላል፣ ፈረንጁም ይመጣል፣ ሁለት ቃል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ አስጎብኚ ይሆናል። በዓሉ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ያው አስጎብኚ ካርዱን ይዞ በረንዳዬ ላይ ይቆማል።

ሰው ሥራ ሳያገኝ ለምን ብዙ ይቆያል የሚለውን ነገር እኔ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። መጀመሪያ ያየሁት በራሴ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ እስክይዝ የቆየሁት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም፤ በክፍላችን ከእኔ የሚበልጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የአባቴ ቤት ከማስታወቂያው ሰሌዳ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ታይፕ መምታት ደግሞ አጎቴ በሚሠራበት ቢሮ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ እየገባሁ ተለማምጃለሁ። ተያዥ አምጪ ስባል ደመወዝተኛው አጎቴ በዚያው ቀን ፈረመልኝ። ብዙ ዓመት ታይፕ ስመታ ቆይቼ ወደ ምዝገባው ከተዛወርኩ ወዲህ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ በልቤ የምጠይቀው ይኸንኑ ነበር፦ ቤትህ የት ነው፣ ምን አስተማሩህ፣ ማን አለህ። በመዝገቡ ላይ ይኸንን የሚጽፉበት ዓምድ አልነበረም።

ካርዱ ቢጫ ወፍራም ወረቀት ነው። በየሦስት ወሩ እየመጡ ማሳደስ ግዴታ ነበር፤ እኔ የቀን ማኅተም እመታበታለሁ፤ ማኅተሙ ያለፈበት ካርድ እንደሌለ ይቆጠራል። ለካርዱና ለመዝገቡ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶ ቤቱ አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለ አንድ ግራጫ ኮትም አለው። የሚነሣው ሁሉ ኮቱን ያጠልቅና ይነሣል፣ አውልቆም ለተረኛው ይሰጣል። ስለዚህ በመዝገቤ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ልብስ ነው የለበሰው። አንዱን ትከሻው ላይ ጠብቦት፣ ሌላው አንገቱ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ገጹን ስገልጥ ኮቱ ራሱ ሥራ ፍለጋ እየተመላለሰ ፊቱን ብቻ የሚቀያይር ይመስለኝ ነበር።

ይርጋና አየነው በዚያ ኮት ተነሥተው በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ቁጥር ተመዘገቡ። አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። አየነው የከተማ ልጅ ነው፤ ወንድሙ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ሜዳ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለው። ይርጋ ከገነተ ማርያም ወዲያ፣ ከገደሉ አናት ላይ ካለች መንደር የመጣ ገበሬ ነው። ዲያቆን ነው፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ወጥቶ፣ ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው ከእኩዮቹ በጣም ዘግይቶ ነው። ትምህርቱ ላይ ሳለ ላሊበላ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤቱ እየተሸከመ ጨረሰ። ሲጨርስ ኪራዩን የሚችልበት ስለሌለ ወደ መንደሩ ተመለሰ። የሁለቱንም የትምህርት ማስረጃ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የይርጋ ውጤት ከአየነው የተሻለ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ ብራና ላይ የሰፈረ ነው የሚመስለው፤ ቅጹን ሲሞላ እንዳላስቸኩለው እጠነቀቅ ነበር።

አየነው በሁለተኛው ወር የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ይርጋ ሰባት ዓመት ቆየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ወረቀቱ ማክሰኞ በአውቶቡስ ይመጣል። ረቡዕ ጠዋት ኃላፊያችን ይፈርሙበታል። ከምሳ በኋላ እኔ ሙጫዬን በጥብጬ ሰሌዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። አየነው ወንድሙ ቤት ሻዩን ጠጥቶ ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ሰሌዳው ሥር ነው። ይርጋ ግን አምስት ሰዓት የእግር መንገድ ተጉዞ የሚመጣው ቅዳሜ፣ ለገበያ ነው። እኛም ገበያተኛው እንዲደርስበት ብለን ቅዳሜን ግማሽ ቀን እንከፍት ነበር። ይርጋ ጥሬውን ወይም ዶሮውን ሸጦ በረንዳችን ላይ ይቆማል፣ ኮፍያውን አውልቆ ትናንት የተዘጋውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች፣ ደመወዙንም፣ የሥራ ቦታውንም፣ የፈራሚውን ስም ሳይቀር ያነባል። ከዚያ በመስኮቱ እጅ ነሥቶኝ ይሄዳል።

ይኼ የገባኝ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የቅዳሜው ሰው ሁልጊዜ አንድ ቀን እንደሚዘገይ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አላየሁም። ወረቀቱ ይመጣል፣ እለጥፋለሁ፣ ቀኑ ሲያልፍ እገነጥላለሁ። ሲገባኝም ቶሎ ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑን የሚወስኑት የበላዮቼ ናቸው፣ የባላገሩ ርቀት ደግሞ እኔ ያመጣሁት አይደለም ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን እንደ ዋዛ ለኃላፊያችን ባነሣባቸው፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሥራ ያለበት ነው የሚኖረው አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንደዚያ ነበር የሚያስቡት።

በአምስተኛው ዓመት አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ወረቀት መጣ። ጽሕፈቱ የተስተካከለ፣ ታማኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ ይላል፤ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፣ ይኼ ብርቅ ነበር። ለጥፌው ስመለስ አባቴን የሚጠይቁ አንድ የገነተ ማርያም ቄስ ቤታችን ተቀምጠው አገኘሁ። በማግስቱ ጠዋት ወደ አገራቸው ሊነሡ ነው። ይርጋን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ድምፁን ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ አሉኝ። ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ማስረጃውን ይዞ እንዲደርስ ንገሩልኝ አልኳቸው። ነገሩት። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ኮንጎውን በእጁ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በረንዳው ላይ ቆመ። ክረምት ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ ሁለት ሰዓት አስቁሞት ኖሯል።

የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጣ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ያሉበት የቅጥር ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ኃላፊያችን ትምህርት ከጨረስክ ስንት ዓመት ሆነህ ብለው ጠየቁት። አምስት ዓመት ሞላኝ አለ።

"አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ቆየህ?"

"ሳርስ፣ ጌታዬ።"

"ከእርሻው ሌላስ?"

"እቀድሳለሁ። የሰፈሩን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ።"

"ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ማለቴ ነው።"

"እሱን ፍለጋ ነው እዚህ የመጣሁት" አላቸው፤ ሲናገር ድፍረትም ንዴትም አልነበረበትም።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። ከሞፈር ጋር የኖረ እጅ ነው፤ መዳፉ ተሰነጣጥቆ የስንጥቁ ውስጥ ጠቁሯል። ሲወጣ ከኮሚቴው አንዱ፣ አምስት ዓመት ሰው ሁሉ እያየ ያለፈው አንድ ነገር ቢኖርበት ነው አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሥራው ሁለተኛ ለወጣው፣ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ለጨረሰ ልጅ ተሰጠ። ምክንያቱን ኃላፊያችን እየተናገሩ እኔ ጻፍኩት፦ "ለረጅም ጊዜ ከሥራ ውጭ የቆየ በመሆኑ።" ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም ብል ይሻላል። መስመሩ ቀጥ እንዲል እየተጠነቀቅሁ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ ያሰብኩት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ሰውዬው ሥራ የተከለከለው ሥራ ስላልነበረው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስድስት፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ይሆንና ምክንያቱ በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል፤ ይርጋ ምንም ሳያጠፋ።

ከዚያ በኋላም መምጣቱን አላቋረጠም። ግን ማስታወቂያውን እንደ በፊቱ እስከ ፈራሚው ስም አያነብም፤ አርእስቱን አይቶ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ሁሉም መሥሪያ ቤት ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ እያለ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ዋሱም ደመወዝተኛ መሆን ነበረበት፤ ከይርጋ ዘመዶች መካከል ደግሞ ደመወዝ የሚበላ አልነበረም። አየነው ዋስ ልሁንህ ብሎት እንደነበር በኋላ ሰማሁ፤ ዋስ የሚያስጠራው ሥራ ግን አልመጣም።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ካርዱን ልታሳድስ የመጣችው ሚስቱ ነበረች። ስሟ ደብሬ ይባላል። ሕፃን አዝላለች፣ እንቁላል በጭድ ይዛ ነው የመጣችው። ይርጋ የበልግ አጨዳ ላይ ስለሆነ እሷን ልኳት ነው። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ማኅተሙን ሳነሣ እጇን ካርዱ ላይ ጫነች።

"እትዬ ፋንታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይኼ ካርድ ሥራ ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም?"

መሥሪያ ቤቱ ያስተማረን መልስ አለ፤ ተስፋ አትቁረጡ፣ በየጊዜው ተከታተሉ የሚል። ያንኑ አልኳት። እሷ ግን እጇን አላነሣችም። ቀስ ብላ የቤቷን ነገር ነገረችኝ። ጎረቤታቸው መሬቴን እረስና ምርቱን እኩል እንካፈል ቢለው፣ ሥራው ከመጣ ማን ያርሰዋል ብሎ እምቢ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ቅስና ተቀበል ሲሉት፣ ሥራ አግኝቼ ሌላ አገር ይመድቡኝ እንደሆነ ምን ይታወቃል ይላል። የጋብቻ ቤታቸው ጣራ ግማሹ ብቻ ነው የተከደነው፤ ግማሹን ወደፊት እናየዋለን እያለ አምስት ክረምት አልፎታል። ሲዘንብ ወደ አንዱ ጥግ ነው የምንሸሸው አለችኝ። አላለቀሰችም፤ የምትናገረው የጎረቤት ነገር ይመስል ነበር።

ሌላ ተመዝጋቢ በረንዳው ላይ አልነበረም። "እውነቱን ልንገርሽ?" አልኳት። "እዚህ ስቀመጥ ሰባት ዓመት ያሳደሰ ሰው ሥራ ሲይዝ አላየሁም።"

ደብሬ እጇን ከካርዱ አነሣች። እግዜር ይስጥልኝ ብላ፣ እንቁላሏን አንሥታ ወጣች። ካርዱን አልወሰደችውም። እኔም ጠርቼ አልመለስኳትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርጋ ሰሌዳው ሥር አልታየም።

አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማክሰኞ አውቶቡሱ ያመጣውን ፖስታ ስከፍት ከገነተ ማርያም በላይ ባሉት መንደሮች ለሚከፈት የልጆች ማስተማሪያ ጣቢያ አንድ አስተማሪ ይፈለጋል የሚል ወረቀት አገኘሁ። መምህር አይሉትም፣ አመቻች ይሉት ነበር። ጣቢያው ይርጋ መንደር አጠገብ፣ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። አሥራ ሁለተኛ ያጠናቀቀ፣ በአካባቢው ለመኖር ፈቃደኛ የሆነ፣ የታደሰ የሥራ ፈላጊ ካርድ ያለው ይላል። ረቡዕ ለጠፍኩት። የከተማው ወጣቶች ሰብሰብ ብለው አነበቡት። የመንደሩን ስም ጮክ ብሎ ያነበበው፣ እዚያ መንገድም የለው አለ። ሌላው ለዚህ ደመወዝ ገደል አልወጣም ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ ተመለሰ። እስከ ማታ ድረስ አንድም ሰው ሊመዘገብ አልመጣም።

ቢሮው ጭር ሲል መሳቢያውን ከፍቼ የይርጋን ካርድ አወጣሁት። የማሳደሻው ጊዜ አልፎበታል። የቀን ማኅተሙን ጥርስ ወደ ኋላ አዙሬ፣ ሁለት ወር ያለፈውን ቀን አስይዤ መታሁበት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያደረግሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመልካም ሥራ አልቆጥረውም፤ ሳልሠራው ብቀር ግን የባሰ ነበር ብዬ አስባለሁ። በማግስቱ ለኃላፊያችን ተዝካር አለብኝ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ይኼም ውሸት ነው።

ያን መንገድ ከዚያ በፊት ሄጄበት አላውቅም ነበር። ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ገደሉን እየቆምኩ ስወጣው ይርጋ በአምስት ሰዓት የሚጨርሰውን እኔን ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ። የቢሮ ጫማዬ ሶሉ ተከፍቶ በነጠላዬ ጥለት አሰርኩት። ከገነተ ማርያም ወዲያ ያገኘኋት አንዲት ሴት ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ አለችኝ፤ በዚያ ሰዓት ብቻዋን የምትጣደፍ የከተማ ሴት ለቅሶ ካልሆነ ለሌላ አትመጣም። ወንድ ልጅ ጠዋት ወጥቶ የተዘጋ ወረቀት አንብቦ ይኸንኑ መንገድ ሲመለስ ምን እያሰበ ይሆን የሚሄደው እያልኩ ሄድኩ።

ይርጋ ከቤቱ በታች ገብስ ሲያበራይ አገኘሁት። ሲያየኝ በሬዎቹን አቆመና ሮጦ መጣ፤ ደንግጧል። ቤት ገባን። ጣራው ሙሉ ተከድኗል። በጓሮው ሁለት ቀፎ አለ። ደብሬ ውሃ አቀረበችልኝ፣ እግርዎን ልጠብልዎ ብላ ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፣ ካርዱንም አውጥቼ ሰጠሁት። ይርጋ ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን ዞር አድርጎ አነበበው።

"ይኼን ቀን እኔ ላሊበላ አልነበርኩም" አለኝ።

"አዎ፣ አልነበርክም።"

"ታዲያ ማነው የመታው?"

"እኔ ነኝ።"

ካርዱን መደቡ ላይ በመካከላችን አስቀመጠው። ከዚያ፣ "እትዬ ፋንታ፣ አይቀየሙኝ። ትቼው ነበር እኮ። ከተውኩት ወዲህ የምበላው ይጣፍጠኛል። እንደገና ልጠብቅ?" አለኝ። ይኸንን ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ይርጋ ከፍቶት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዲያቆን ሆኜስ በውሸት ቀን ልጅ ላስተምር ወይ ብሎ ጨመረ።

የመለሰችለት ደብሬ ናት። "ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ትቼው የመጣሁት እኔ ነኝ። ኃጢአት ካለው የእኔ ነው፣ ለንስሐ አባታችን እነግራቸዋለሁ። ይኼኛው መጠበቅ ደግሞ እስከ ነገ ብቻ ነው" አለችው።

ይርጋ ወጥቶ በሬዎቹን ፈታ። ሲመለስ ነገ ስንት ሰዓት ላይ እንነሣ አለኝ። እዚያው አደርኩ፤ ጠዋት ጎህ ሲቀድ አብረን ተነሣን። እኔ ወደ ኋላ ስቀር እየቆመ ይጠብቀኝ ነበር። ስለ ሥራ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ንቡ፣ ዝናቡ ቀድሞ ስለመውጣቱ እያወራኝ ደረስን።

ይርጋ በዚያ ጣቢያ ብዙ ዓመት አስተማረ። በኋላ ክረምት ክረምት እየተማረ መምህርነቱን በወረቀት አጸደቀ፣ ጣቢያውም አድጎ የደንብ ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬ ልጆቹ ትልልቆች ናቸው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምዝገባው በኮምፒውተር ሆኗል፣ ማስታወቂያውም በስልክ ይመጣል ይላሉ፤ የረቡዕና የቅዳሜ ነገር ቀርቷል። መዝገቤ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ የት እንደደረሱ አላውቅም። ከይርጋ የባሰ ዕድል የገጠማቸው እንደነበሩ ግን አውቃለሁ፤ ለእነሱ መንገድ አልሄድኩም፣ ማኅተምም ወደ ኋላ አላዞርኩም። ይርጋን ሰባት ዓመት ከሥራ ያራቀው የመንደሩ ሩቅነት ነበር። ሥራውን ያገኘውም በዚያው ምክንያት ነው፤ እዚያ መኖር የሚፈልግ ሌላ ሰው አልነበረም። ይኸንን ያህል ብቻ ነው እኔ ከዚያ ወንበር ላይ የተማርኩት፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሥራ ያጣ ሰው በራሱ ስንፍና ያጣው ይመስለዋል።

ያን ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደርሰን መዘገብኩት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ሰው አልመጣም። ኃላፊያችን ሰዓታቸውን አይተው፣ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ፈተናም አያስፈልግ፣ እዚሁ እንጨርሰው ብለው የኮሚቴውን ሰዎች ጠሩ። ይርጋ ፊታቸው ቆመ። ፊቱ አቧራ ነው፣ ኮፍያውን በአንድ እጁ ይዟል፤ ሌላኛው እጁ ኮት ኪሱ ውስጥ ካርዱን እንደያዘ አውቃለሁ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ዘርግቼ ብዕሬን ይዣለሁ።

"እዚያ ለመኖር ትስማማለህ?" አሉት ኃላፊያችን።

"እዚያው ነው የምኖረው" አላቸው።

ኃላፊያችን ፈረሙ። ሁለቱም ተከትለው ፈረሙ። ይርጋ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን ብዕራቸውን ከድነው ባርኔጣቸውን ይፈልጉ ነበር፤ ሌሎቹም ወንበራቸውን ወደ ኋላ እየገፉ ተነሡ። ሰኞ ጀምር አሉትና እየተጨዋወቱ ወጡ። ካርዱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።